ቅሬ የገባው ደብተር

ቆቦ ውስጥ ቤት ጠይቆ ለመድረስ ሟች ማወቅ ያስፈልጋል። «ከነፍስ ይማር ኮርቻ ሰፊው ቤት ወረድ ብለህ፣ ሾላዋን አልፈህ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ» ይሉሃል። ኮርቻ ሰፊው ከሞተ ቆይቷል። ሾላዋ ተቆርጣ፣ ከሰል ሆና፣ ቡና አፍልታ አልቃለች። ወፍጮ ቤቱ አሁን የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። መንገድ ነጋሪው ግን ሦስቱም ዛሬም እንደቆሙ አድርጎ በጣቱ ያሳይሃል፤ አይታዩኝም ስትለው የሚጠረጥረው ዓይንህን ነው።

እኔን የሚያበግነኝ መንገዱ መጥፋቱ አይደለም። የአገሩ ልጅ ሆኜ ሳለ ሾላዋን አለማወቄ እንደ ነውር መቆጠሩ ነው። ወዲያው «የማን ልጅ ነህ?» ይከተላል። ይህች ጥያቄ ከመጣች ቀኑ አለቀ ማለት ነው። አያትህን ጠርቶ፣ ቅድመ አያትህን ጠርቶ፣ ማን ማንን እንዳገባና የት እንደተቀበሩ ነግሮ፣ ቡና አስጠጥቶ ነው የሚለቅህ። ልትሄድበት የነበረው ቤት በዚህ ሁሉ መሃል ይረሳል። እሱም አያነሳው፣ አንተም አታነሳው።

ቆቦን ለማያውቅ፦ ከወልዲያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተሄዶ፣ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ ዞብል፣ መሃሉ ሜዳ። ሜዳ ስል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ደጃፍህ ላይ ቆመህ የምትመጣ አህያ ታያለህ፤ የጫነችው ጤፍ ነው ማሽላ ብለህ ከጎረቤት ትከራከራለህ፤ አህያዋ ስትደርስ ቡናው በረካ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሰውን ተደብቆ ምንም ማድረግ አይቻልም። ይህን ያልኩት በኋላ ለሚመጣው ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የመጣው ከዚህ ሁሉ ሊገላግለን ነበር። ኦሪገን በሚባለው ግዛት ብዙ ዘመን ኖሯል። በመጣ ማግስት ቡና ላይ ተቀምጠን ስልኩን አወጣና «እኛ ያለንበት ቦታ 12 ዲግሪ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ምሥራቅ ነው» ብሎ ከነጥቡ ወዲያ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አንድ ሳያስቀር አነበነበ። ሲጨርስ አያ «አሜን» አሉ። አያ የእናቶቻችን ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ አያ ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ልጁ አንድ ጨዋታ ይዞ መጥቷል። ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ይወስድና ውስጡ ደብተርና እርሳስ፣ ጥቂት የማይረቡ ዕቃዎችም ጨምሮ ከመንገድ ወጣ ያለ ቦታ ይሸሽጋል። ከዚያ የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት ያወጣል። ሌላ የማያውቀው ሰው፣ ምናልባትም ከሌላ አገር፣ ቁጥሩን ተከትሎ ይመጣል፣ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ደብተሩ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ሣጥኑን ወደነበረበት መልሶ ይሄዳል።

«ከዚያስ?» አሉ አያ።

«ከዚያማ አለቀ።»

«ምን ወሰደ?»

«ምንም። ዕቃ ከወሰደ እኩያውን መተካት አለበት።»

አያ ዝም አሉ። የአያ ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ነገሩ ሲገባቸው ነው፣ ሁለተኛው ተናጋሪው ሲያሳዝናቸው።

ልጁ አልተበገረም። ታሪኩን ከሥሩ ጀመረ። አሜሪካኖች ጂፒኤስ የሚባለውን ነገር የዘረጉት ለጦራቸው ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይዞራሉ። ለተራው ሰው የሚደርሰው ምልክት ግን ሆን ተብሎ የተዛባ ስለነበረ መሣሪያው ቦታውን እስከ 100 ሜትር ያህል ይስተው ነበር። («ታዲያ ከእኛ መንገድ ነጋሪ በምን ተሻለ?» አሉ አያ።) ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዛባቱ እንዲቀር አዘዙና ትእዛዙ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ተፈጸመ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ መሣሪያው ምን ያህል እንደታረመ ሊሞክር በዚያው በኦሪገን ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ከወገቡ በታች ቀበረና ቁጥሩን ለሰው አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጥቂት ገንዘብ፣ አንድ ጣሳ ባቄላና አንድ ወንጭፍ ነበሩበት። ማይክ ቲግ የሚባል ሰው በቀናት ውስጥ አገኘው። ጨዋታው እንዲህ ተጀምሮ ዓለምን አዳረሰ።

«ባቄላና ወንጭፍ?» አሉ አያ። «ይሄማ ወፍ ጠባቂ ረስቶት የሄደ ስንቅ ነው። ባለቤቱ ሳይራብ አልቀረም።»

ወሩ ጥቅምት ነበር። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ግሪሳ ከሰማይ እየወረደ ነው፤ በየማሳው ማማ ላይ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ተሰቅለዋል። በዚህ ወር በእኛ በራያ ወንጭፍ ጥሎ የሚሄድ ሰው ጤነኛ አይባልም። አያ ስለ ሳተላይቱም የሚሉት ነበራቸው፦ ከዚያ ሁሉ ርቀት አንድ ባልዲ የሚያሳይ ነገር ግሪሳ ሲመጣ ቀደም ብሎ ቢናገር ምን አለበት? ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም እስካሁን የለኝም።

ነገሩ ከመቃብር ጋር የተገናኘው ከዚህ በኋላ ነው። ኦሪገን ውስጥ የአቅኚዎች መቃብር የሚባሉ ትንንሽ ቦታዎች በየገጠሩ አሉ። ከ1840ዎቹ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በበሬ ጋሪ ከምሥራቅ ተነስተው ወደዚያ የገቡ ቤተሰቦች በእርሻቸው ዳር የቀበሯቸው ሰዎች ያረፉበት ነው። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄደዋል፣ እርሻው ተሽጧል፣ ድንጋዩ ዘሟል። ጸጥ ያለና ሰው የማይደርስበት ስለሆነ ሣጥን ሸሻጊዎች ይወዱታል። ፈላጊው ሣጥኑን ሲሻ በዚያው የድንጋዩን ጽሑፍ ያነባል፤ ዘመድ የረሳውን ሟች ባዕድ በስሙ ይጠራዋል። ልጁ ይህን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተለወጠ። ባሕር ማዶ ብቻውን እሑድ እሑድ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለ፦ ወደ ኦሪገን ሲጓዙ በመንገድ የሞቱትን ብዙ ጊዜ ጋሪው በሚያልፍበት መንገድ መሃል ይቀብሯቸው ነበር። ተኩላ እንዳያወጣቸው፣ ሰው እንዳይቆፍራቸው ብለው፣ በላያቸው ጋሪውን ሁሉ ነድተው ምልክቱን ያጠፉታል።

ቤቱ ጸጥ አለ። እዚህ ቤት ውስጥ የ1977ን ረሀብ የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። ከዚህ ወደ አላማጣና ወደ ኮረም የሄደው ሰው ሁሉ አልተመለሰም። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ጋዜጠኞቹ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ኮረምን ቀርጸው ለዓለም ሲያሳዩ፣ ዓለም ያየው መጠለያው የደረሰውን ነው። መንገድ ላይ የቀረው ያለ ድንጋይ፣ ያለ ጽሑፍ፣ አንዳንዱም ያለ ቀባሪ ነው የቀረው። የአያ ባለቤት፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ወደ አላማጣ በአውቶቡስ ባለፉ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አስፋልቱ ዳር ምንም የለም። ከቁርቁራና ከቅንጨ አረም በቀር ምንም የለም፤ አረሙም ቢሆን ከእርዳታ እህል ጋር ሳይመጣ አልቀረም ይባላል። እሳቸው ግን ቦታዋን በአንድ ክንድ እንኳ አይስቷትም። ያንን ያወቁት ክሊንተን ማዛባቱን ሳያነሱ ነው።

ዝምታውን የሰበሩት አያ ናቸው። «እዚያ አገር ይሄን ጨዋታ ተው የሚል ሽማግሌ የለም?» አሉ። ለካስ አለ። በ2005 በፈረንጆቹ፣ የደቡብ ካሮላይና የተወካዮች ምክር ቤት በመቃብርና በታሪካዊ ቦታ ያለ ፈቃድ ይህን መጫወት የሚከለክል ረቂቅ አጽድቆ ነበር፤ ሴኔቱ ጋ ሲደርስ ቀረ። አያ ደቡብ ካሮላይናን ያን ቀን ወደዷት። እስካሁን አሜሪካ ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቁት እሷን ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን አሳቡን ቆርጧል። ሣጥኑን የሚያኖረው በቀደሙት መቃብር ነው።

የቀደሙት መቃብር ማለት ከመንደሩ ራቅ ብሎ፣ በማሳዎቹ መሃል ያለች ድንጋያማ ጉብታ ናት። አገሩን መጀመሪያ ያቀኑት አባቶቻችን እዚያ ናቸው። ድንጋይ ክምር ብቻ ነው፤ ጽሑፍ የለም፤ እሬት በቅሎበታል። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይተከል፣ መስጊዱም ሳይሠራ የተቀበሩ ናቸው ስለሚባል ክርስቲያን ይሁኑ እስላም ዘመዱ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ወሎ ነውና አለመስማማቱ ጠብ አላመጣም። ክርስቲያኑ ወገን ተዝካራቸውን አብልቷል፣ እስላሙ ወገን ሰደቃቸውን አውጥቷል። ሁለቱም የየራሳቸውን ሲያደርጉ ሌላው ወገን መጥቶ በልቷል። ሟቾቹ የቱም ይሁኑ የቱ ሁለት ጊዜ ተጸልዮላቸዋል፤ ዘመዱም ሁለት ጊዜ ጠግቧል።

እነዚህ ሟቾች ድሮ ሥራ ነበራቸው። በርስት ዘመን መሬት የሚሟገት ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ይወርድና «አጽሙ ይኸውና» ብሎ ድንጋዩን ያሳያል። ተከራካሪውም በሌላ ሐረግ ቆጥሮ ይወርድና ያንኑ ድንጋይ ያሳያል። አንዱ ሟች ለከሳሹም ለተከሳሹም ይቆማል። የሟች ቃል አይታጠፍምና ሙግቱ አባት ሲሞት ለልጅ ይተላለፋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ሙታኑ ከፍርድ ቤት ተሰናበቱ። ዛሬ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ አያትን የሚጠራ ዳኛ የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ መቃብሩ የተረሳው ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚህ አይስማሙም፤ የተረሳው እናንተ አዲስ አበባ ስትሄዱ ነው ይላሉ።

ጨዋታው ሕግ አለው። አንደኛ፣ መቆፈር አይፈቀድም። የመጀመሪያው ባልዲ እስከ ወገቡ ተቀብሮ ነበር፤ አሁን ግን ሣጥን ድንጋይ ሥር ይገባል እንጂ አይቀበርም። ሁለተኛ፣ የቦታው ባለቤት መፍቀድ አለበት።

«ባለቤቱ ማነው?» ሲል ጠየቀ ልጁ።

«በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው» አሉ አያ።

«ታዲያ ማንን ላስፈቅድ?»

«ሕዝቡን እኔ እጠይቅልሃለሁ። መንግሥትን አንተ ጠይቅ።»

ሦስተኛው ሕግ የባሰ ነው። ለእረፍት መጥቶ ሣጥን ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ በአካባቢው የሚኖር፣ ደብተሩ ሲሞላ የሚቀይር፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሲሰሙ አያ ተመቻችተው ተቀመጡ። ዘበኛ መሆኑ ነው? ደመወዙስ? ደመወዝ የለውም ሲባል፣ ባዶ ሣጥን በነፃ የሚጠብቅ ሰው ቆቦ ውስጥ እንደሌለ አስረዱት። በስንት ልመና ስልክ ያለው የልጅ ልጃቸው ኃላፊ እንዲሆን ተስማሙ።

ቀጥሎ አያ የጠየቁት ጥያቄ ነው ነገሩን ሁሉ የለወጠው። «ስሙን የሚጽፈው ለምንድን ነው?» አሉ።

«መምጣቱ እንዲታወቅ።»

«ያልመጣውስ?»

«ያልመጣው አይጻፍማ።»

የአያ ፊት በራ። «ታዲያ ቅሬ ነው እንጂ! ምነው ከጧቱ እንዲህ አትለኝም?»

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። ሰው ሲሞት ለፋፊው ይጮሃል፤ ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቷ እንጀራና ቆሎ ይዛ ትመጣለች። ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሰው እድሜ ልኩን ቀብር የሚደርሰው ለራሱ ቀብር ሰው እንዲደርስለት ነው። መቃብር ሄዶ ስም ማስመዝገብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ፈረንጅ ሳይቀጡት በፈቃዱ ማድረጉ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ማስረዳቱ፣ የአገሬ ሰው እንደሚለው፣ ለቀባሪው አረዱት ሆነበት።

ሣጥኑን ልናኖር የሄድነው ሞቅ ባለ ከሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ቤቱ በሚተኛበት ሰዓት መርጠን። ከጨዋታው ደንብ አንዱ የማይጫወት ሰው እንዳያይ መጠንቀቅ ነው። ልጁ ጉብታው ላይ ወጣ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳ፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ፣ ዞር፣ ጎንበስ፣ እንደገና ዞር። አንዲት አረንጓዴ ሣጥን ከድንጋይ ሥር አስገባ። ዙሪያውን ቃኘ። ማንም የለም።

ማንም የለም ያለው ዙሪያውን ብቻ ስላየ ነው። ላዩን አላየም። ጥቅምት ነው አላልኳችሁም? በአካባቢው ካሉት ማማዎች አንዱም ባዶ አልነበረም። ወፍ ጠባቂ ልጅ ደግሞ ከወፍ ሌላ የሚያየው አጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚጸልየው እንዲህ ያለ ነገር እንዲመጣለት ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ወሬው መንደሩን አዳርሶ ወደሚቀጥለው ተሻገረ፦ ከአሜሪካ የመጣው ልጅ በሳተላይት ታግዞ የጣሊያንን ወርቅ አግኝቷል።

የጣሊያን ወርቅ በሌለበት መንደር ያደገ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ወጣ፤ በዚያች አጭር ጊዜ መንገድ ጠርጓል፣ ድልድይ ሠርቷል። የእኛ ሰው እምነት ግን ዋናው ሥራው ከመሬት በታች ነበር የሚል ነው። አርበኛ ከኋላ፣ እንግሊዝ ከፊት እያጣደፉት ወርቁን በጥንቃቄ ቀብሮ፣ ሰነድ አዘጋጅቶ፣ ሰነዱን ለአንድ ደብተራ ሰጥቶ ነው የሸሸው። ደብተራው ሞቷል፤ ሰነዱ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ጋ አለ። ያ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ገንዘብ ይቸግረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ወርቁ ጋኔን ይጠብቀዋልና ጥቁር ዶሮ ካልታረደ አይወጣም ይላል፤ ዶሮዋን የሚበላው ማን እንደሆነ አይነገርም። በኋላ ላይ ቀይ ሜርኩሪ የሚሉት መጣና ወርቁን ራሱን አስናቀው።

ከመሬት የሚወጣ ነገር የለም አልልም። የጥንቱ ሰው ባንክ አልነበረውምና ጠገራ ብሩን በገንቦ አድርጎ ይቀብር ነበር። ገበሬ ሲያርስ ማርያ ትሬዛን ያገኛታል። ብሯ ላይ 1780 የሚል ተቀርጿል፤ ንግሥቲቱ በሞተችበት ዓመት ቆሞ ስለቀረ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። አንድ ብልጥ ነጋዴ ይህን ዓመት አሳይቶ ጥንታዊ ነው እያለ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ሕግም አለ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በሰኔ 1992 ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ ያዛል። አሜሪካ ሰውን ፈልጉ ብላ ባሰናበተች በሁለት ወሩ የእኛ መንግሥት አትቆፍሩ አለ። ያን ዓመት ሁለቱ መንግሥታት በጀርባ ተማክረው ይሆናል ብዬ አንዳንዴ እጠረጥራለሁ።

ሌሊቱን ጉብታው ዙሪያ ተቆፈረ። መቃብሮቹ አልተነኩም፤ ለዚያ ሁሉም ፈሪሃ እግዚአብሔር አለው። ዙሪያው ግን ለተክል የተዘጋጀ ይመስል ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ አደረ። ሣጥኗ ድንጋይ ሥር እንጂ አፈር ሥር አልነበረችምና ያገኛት የለም። የአክስቴ ልጅ አትቆፍሩ የሚለውን ደንብ ያከበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ተረፈችለት። በማግስቱ አንድ እረኛ ፍየል ሲመልስ በእግሩ መትቶ አገኛት። ተከፈተች። ደብተር፣ እርሳስ፣ የቁልፍ መያዣ፣ አንዲት የፕላስቲክ ዳይኖሰር።

መንደሩ በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ወርቁን ወስዶ እርሳሱን ጣለብን» አለ። ገሚሱ ደግሞ ዳይኖሰሯን በጣት እያገላበጠ፣ ፈረንጅ ትልቅ ምስጢር በትንሽ ነገር ነው የሚደብቀው ብሎ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም።

ቅሬው ተጠራ። በአቅኚዎቹ መቃብር ዙሪያ ማን ቆፈረ? ማንም አልቆፈረም። የቅሬው ዳኛ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ሁሉም ተኝቶ ነበር። ሚስቶቻቸውም ተኝተው ነበር። «እንግዲያ ጉድጓዱን የሚደፍነው ማነው?» ሲባል ግን ሁሉም ዶማውን ይዞ ተነሳ፤ ዶማዎቹ ደግሞ እዚያው በአጠገባቸው ነበሩ። በአንድ ከሰዓት ደፈኑት። እግረ መንገዳቸውን ድንጋዩን አስተካከሉ፣ ቅንጨ አረሙን ነቀሉ። መቃብሩ በእኔ እድሜ እንዲያ አምሮ አላየሁትም። የአክስቴ ልጅ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ኦሪገን ውስጥ ይህን ለማድረግ በጎ ፈቃደኛ እየተለመነ እንደሚሰበሰብ ሲናገር ሰማሁት። ወርቅ አለ ብትሏቸው ኖሮ፣ አልኩት።

ሣጥኗ ምን ትሁን የሚለው አከራከረ። በመጨረሻ ዳኛው ፍርድ ሰጡ። ሣጥኗ ባዶዋን ወደ ድንጋይዋ ትመለስ። ዳይኖሰሯ ላገኛት እረኛ ትሰጥ። ደብተሩ ግን ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ መስመርም አለው፣ የቅሬውም ደብተር አልቋል። ስለዚህ ቅሬው ይጠቀምበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እየተባለ ሲተረት ሰምቻለሁ፤ ቅሬም አይለቅም። የአክስቴ ልጅ ወደ ኦሪገን ሲመለስ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ነው፤ ደብተሩ ግን ዳኛው ቤት፣ ከቆጥ በላይ።

ይህ ሁሉ ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው። ከ2013 ወዲህ ቆቦ ውስጥ የተቆፈሩትን መቃብሮች እዚህ አላነሳቸውም፤ የእነዚያ ገና እንባው አልደረቀም።

ጦርነቱ ሳይመጣ አንድ ቀን ከመቀሌ ወደ ወልዲያ በብስክሌት የሚወርድ ፈረንጅ ከአስፋልቱ ወጥቶ በማሳ መሃል ገባ። ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳ፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ። ከማማው ላይ ያየው ልጅ ይህን ውዝዋዜ ያውቀዋል። ወርዶ እየሮጠ ደረሰና እጁን ይዞ፣ ባዶዋን ሣጥን እንዲያያት እንኳ ጊዜ ሳይሰጠው፣ በቀጥታ ወደ ቅሬው ዳኛ ቤት ወሰደው። መንደሩ ተከተለ። እትዬ «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የሚመልስ አልተገኘም፤ ቢሆንም ቡና ቀረበ።

ዳኛው ደብተሩን አወረዱ። ፈረንጁ ሲያየው ፊቱ በደስታ በራ፤ ይህንኑ ነበር የሚፈልገው። ገለጠው። በየገጹ ስም ሞልቷል። እንዲህ ያለ ሩቅ አገር ይህን ያህል ተጫዋች እንዳለ አላሰበም ነበርና አንገቱን ነቀነቀ። እሱም ከመጨረሻው ስም ቀጥሎ የራሱን ጻፈ። ጸሐፊው ከጎኑ በአማርኛ ደገመለት። ዳኛውን ግን አንድ ነገር አላለፋቸውም፦ ሰውየው ቀብር አልደረሰም፣ ሰልስትም አልደረሰም፣ አቅኚዎቹ ከሞቱ ደግሞ ስንት ትውልድ አልፏል። በደንቡ መሠረት ለዘገየ ቅጣት አለ። ቅጣቱ በምልክት ተነገረው። የመግቢያ ቲኬት መስሎት በደስታ ከፈለ፤ ደረሰኝ አልጠየቀም።

ማታውን ከኦሪገን ስልክ ተደወለ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ እየሳቀ መናገር አቅቶታል። ፈረንጁ ኢንተርኔት ላይ እንደጻፈው ሣጥኑን የሚጠብቁት ሽማግሌዎች በጣም ጥብቅ ናቸው፣ ቡናውም ግሩም ነው። አያ ስልኩን ተቀብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ሰውየው ደቡብ ካሮላይና ነው አገሩ?

አይደለም ተባሉ። ስሙ ከደብተሩ አልተሰረዘም። አንዴ የገባ አባል በመሆኑ የወር መዋጮ ይታሰብበት ጀመር፤ እስኪከፍል ድረስም ውዝፍ እየተባለ ይጻፍበታል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቅሬው ተሰብስቦ የአባላቱን ሁሉ ውዝፍ ማረ። የፈረንጁ ግን ራሱ ቀርቦ ካላመለከተ አይታይም ተብሎ በይደር ተቀምጧል።